ማሽኑን ያላሳረፍኩበት ጎን

«ሥራህ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ጀልባ አድሳለሁ» ብዬ ስመልስ ያልሳቀብኝ ሐበሻ የለም። ጀፕ በሚባለው የሐበሾች ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ አንዱ ጉርሻውን እንደያዘ «ጆበርግ ውስጥ ባሕሩ የት አለና ነው?» ብሎኛል። እውነቱን ነው፣ ከተማው ወርቅ ሲቆፈርበት የኖረ ደረቅ መሬት ነው። ግን ገንዘብ ያለው ሰው ውሃ አያጣም። ቅዳሜ ሲደርስ ጀልባውን በተጎታች አስሮ ቫል ግድብ ይወርዳል፣ የቀረውን ጊዜ ደግሞ ጓሮው ውስጥ ለፀሐይ ሰጥቶ ያቆመዋል። የዚህ አገር ፀሐይ ጀልባ ይበላል። እኔ ከፀሐይ አፍ የተረፈውን እየፈገፈግኩ ልጆች ያሳደግኩ ሰው ነኝ።

ዘንድሮ አቆምኩ። ዕድሜ ልኬን ከሚንቀጠቀጥ የፖሊሽ ማሽን ጋር ስታገል የቀኝ እጄ ጣቶች ደነዘዙ፣ ብርድ ሲሆን ይነጣሉ፣ የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ባለቤቴ ናት። ሐኪሙ «ማሽኑን ካልተውክ እጅህን እርሳው» አለኝ። ሥራውም እንደ ድሮው አይደለም። የዛሬ ባለጀልባ የጀልባውን ቆዳ ከማሳከም ይልቅ ከላይ ፕላስቲክ ማስለጠፍ ይመርጣል። ይለጥፉ፣ እኔ ግን የማውቀውን ሳልናገር አልቀመጥም።

አመጣጤን አላረዝመውም። የሆሳዕና ልጅ ነኝ። እንደ ብዙዎቻችን በየብስ ወርጄ ቴምቢሳ የአጎቴ ልጅ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆምኩ። ዳቦ፣ ስኳር፣ የስልክ ካርድ ሸጥኩ፣ ከደንበኛው በዙሉ «ሳውቦና» ብሎ ሰላም ማለትን ተማርኩ። የመኖሪያ ወረቀት ለማሳደስ የሚቆመውን ሰልፍ ያየው ያውቀዋል። እኔን የገደለኝ ፍርግርጉ ነበር። እጄ ካልሠራ ልቤ አይረጋም። ዘወትር ዳቦ የሚገዛኝ አንድ ደንበኛ ቦክስበርግ የሚሠራበት የጀልባ ጥገና ቤት ክንዱ የማይሰንፍ ሰው እንደሚፈልግ ሲነግረኝ፣ በማግስቱ ሄድኩ። የአጎቴ ልጅ «ከባለሱቅነት ወደ ፈግፋጊነት የተሾመ ሐበሻ አንተን አየሁ!» ብሎ ሸኘኝ።

የጥገና ቤቱ ባለቤት ሄንክ የሚባል ግዙፍ ነጭ ነበር፣ ክፋት የለውም፣ ጥድፊያ ግን አለበት። ሥራውን ያስተማረኝ ግን ደርባን የተወለደ ሕንዳዊ ሽማግሌ ነው። ስሙ ቪጄ ሲሆን እንደ አገሩ ወግ ሁላችንም አንክል ቪጄ እንለው ነበር። የመጀመሪያው ቀን አንድ የደበዘዘ ጀልባ አጠገብ አቁሞ መዳፌን ጎኑ ላይ አሻሸልኝ። መዳፌ እንደ ኖራ ነጣ።

«ይሄ የሞተው ነው» አለኝ። «ከሥሩ ያለው ሕያው ነው። ሥራህ የሞተውን ማንሳት፣ ሕያው ላይ ስትደርስ ማቆም ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጀልባው ገላ ፋይበር ነው፣ ከላዩ ጄልኮት የሚሉት ቀለም ያለው ቀጭን ቆዳ አለው። ያንን ቆዳ ፀሐይ ሲመታው ላዩ ይደርቅና ዱቄት ይሆናል። መጀመሪያ ጀልባውን አጥቦ የቀድሞውን ሰም ማስለቀቅ ነው፣ ሰሙ ካልለቀቀ ብርጭቆ ወረቀቱ ይደፈንና ሥራህ መቧጨር ብቻ ይሆናል። ከዚያ ጎኑ ላይ በእርሳስ መስመር ታሰምራለህ፣ በውሃ እያራስክ በብርጭቆ ወረቀት ትሄዳለህ፣ እርሳሱ ሲጠፋ እጅህን ታነሳለህ። ወደሚለሰልሰው ወረቀት ስትሸጋገር እንደገና ታሰምራለህ። በመጨረሻ ማሽኑና ፖሊሹ ይገባሉ፣ ሰም ይከተላል። ማንሳቱን ማንም ጉልበት ያለው ይችለዋል። ማቆም ግን ጉልበት ካለው ሰው አይጠበቅም፣ እኔም ጉልበቴን እወድ ነበር።

አንክል ቪጄ አንድ ልማድ ነበረው። ጀልባ ሲገባ ወዲያው አይነካውም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞረዋል። የትኛው ጎን ፀሐይ ላይ ቆሞ እንደኖረ፣ የት ተጋጭቶ እንደተጠገነ፣ ማን የት ይቀመጥ እንደነበር ወለሉን አይቶ ያውቃል። የልጅ ጭረት ወይም የድሮ ጽሑፍ ካገኘ ደግሞ ባለቤቱን ጠርቶ ያሳየዋል። «በሰው ጀልባ ላይ ያገኘኸውን ሳትጠይቅ አታጥፋ» ይል ነበር። ሄንክ በዚህ ልማዱ ብዙ ጊዜ ተንጨርጭሯል። አንክል ቪጄ ግን ሻዩን እየጠጣ ይዞር ነበር።

እኔ ልማዱን ከመያዜ በፊት አንድ ጀልባ ቀጣኝ። ቀይ ነበር፣ ባለቤቱ እንደ ልጁ የሚያየው። ጎኖቹን ጨርሼ፣ መስታወት አስመስዬ፣ በራሴ እጅ ተደንቄ ወደ አፍንጫው ዞርኩ። አፍንጫው ላይ ቆዳው ይሳሳል፣ እንደ ጉልበት አጥንት። ማሽኑን ሳላቀልል ገፋሁበት። አንድ ሽታ መጣ፣ ቀይ ዱቄት የነበረው ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ የፋይበሩ ክር ታየኝ።

አንክል ቪጄ አልጮኸም። ጣቴን ይዞ ቁስሉ ላይ አስቀመጠው፣ ይፋጃል።

«ሙቀቱ ነግሮህ ነበር» አለ። «አንተ ዓይንህን ብቻ ነው የምታምነው።»

ከዚያ ራሴ እንድጠግነው ፈረደብኝ። ቀይ መቀላቀል የሥራው ሁሉ ክፉ ነው፣ አዲሱ ቀይ ፀሐይ ከጠገበው ቀይ ጋር አይስማማም። ቀላቅዬ ቀባሁ፣ ፈገፈግኩ፣ አነሳሁ፣ እንደገና ቀባሁ። ጥላ ሥር ስታየው ደህና ነው፣ ፀሐይ ላይ ስታወጣው እንደ ልጥፍ ጨርቅ ይታያል። ባለቤቱ መጥቶ አየው። ጀልባውን ጎትቶ ሄደ፣ ተመልሶ ሰላም እንኳ አላለንም። ያን ጊዜ አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ጠርዝ ሁሉ ላይ የወረቀት ፕላስተር ሳልለጥፍ ማሽን አስነስቼ አላውቅም፣ የግራ መዳፌም ከማሽኑ ኋላ ኋላ እየተከተለ ሙቀቱን ይሰማል።

በዚያው ሰሞን አባቴ ሞተው ነበር። እኔ ግን አላወቅኩም። ቴምቢሳ ያሉ ያገሬ ልጆች ሁሉ ያውቁ ነበር፣ የአጎቴ ልጅም ያውቅ ነበር። እንደ ወጋችን ተመካክረው «አሁን አይነገረው፣ ሥራው ላይ ይርጋ» አሉ። ወራት ቆይተው አንድ ማለዳ ተሰብስበው መጥተው አረዱኝ። በሞቱት አባቴ ስም ገንዘብ ስልክ፣ በሰው ሠርግ ላይ ስጨፍር ሁሉም ያዩኝ ነበር። «ለአንተ ብለን ነው» አሉኝ። ለአንክል ቪጄ ስነግረው ሻዩን አስቀምጦ «ሐዘኑ ያንተ ነበር አይደል? ማን ሰጣቸው?» አለኝ።  «ለአንተ ብለን» የሚል ሰው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያናድደኛል፣ ዛሬም ያናድደኛል።

አንክል ቪጄ ኋላ ደርባን ተመልሶ እዚያው አረፈ። የእሱን ቦታ ያዝኩ፣ እንደ እሱ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መዞር ጀመርኩ፣ ሄንክም በእኔ መንጨርጨሩን ቀጠለ። ብዙ ጀልባ በእጄ አልፏል። የምነግራችሁ ግን የመጨረሻውን ነው።

ያመጣው አቶ ሽመልስ ነው። ጀፕ ብርድ ልብስና አልጋ ልብስ በጅምላ የሚያከፋፍል፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ የተከበረ ሰው። ባኪ የሚሉት የጭነት መኪናው ሰማያዊ ጀልባ ጎትቶ ገባ።

«ላምቢሶ፣ የወንድሜ የጌታሁን ነው፣ ነፍሱን ይማረውና» አለኝ። «አዲስ አስመስልልኝ። ገዢ አግኝቻለሁ።»

ጌታሁን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነበር፣ ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ።

«ያምርልዎታል» አልኩት።

«አደራህን ግን፣ ዶክተር ትርንጎ እንዳትሰማ።»

ዶክተር ትርንጎ የጌታሁን ሚስት ናት፣ ሆስፒታል የምትሠራ፣ በእኛ ሰው ዘንድ የታወቀች ሐኪም። ውሃ ትፈራለች። ጌታሁን ጀልባውን ሲገዛ በኃይል ተጣልተው፣ አንድም ቀን እግሯ ረግጦት አያውቅም። እሱም ቫል አንድ የጀልባ ማቆሚያ ሜዳ ላይ እያቆመ ብቻውን ይሄድበት ነበር።

«ልብሱን አንስተናል፣ መጻሕፍቱን አንስተናል» አለ አቶ ሽመልስ። «የቀረው ይሄ ነው። ዓይኗ ሳያርፍበት ይሂድላት፣ ለእሷ ብዬ ነው።»

ይህቺን ቃል ስሰማ ፊቴ ተለዋወጠ መሰለኝ፣ ግን ጀልባውን ተቀበልኩ።

ዞርኩት። መሪው ያለበት በኩል ወለሉ በጫማ ተፍቋል፣ ከጎኑ ያለው መቀመጫ ሥር ግን ገና እንደወጣ ነው። ጎኑን የሸፈነውን የሜዳ አቧራ አጠብኩለት፣ ቀይ ሳይሆን ሰማያዊ በመሆኑም እግዜርን አመሰገንኩ። የደበዘዘ ጀልባ እርጥብ ሲሆን ያታልላል፣ ውሃው የሞተውን ቆዳ ያጠቁረውና ሁሉም አንድ ወጥ ሆኖ ያምራል። ሻዬን ጠጥቼ ስመለስ ጎኑ እየደረቀ ነበር። በደረቀው ላይ ጠቆር ያለ ነገር ይታያል። ቀረብኩ። ፊደል ነው፣ የእኛ ፊደል። «ትርንጎ» ይላል።

ነገሩ ገባኝ። ጌታሁን ከላስቲክ በመቀስ ቆርጦ ለጥፎት ነበር፣ ፊደሎቹ ትንሽ ይንጋደዳሉ። ላስቲኩ ከጊዜ በኋላ ረግፏል። ሳይረግፍ በፊት ግን ከሥሩ ያለውን ቆዳ ከፀሐይ ጋርዶት ነበር፣ ስለዚህ ዙሪያው ሲነጣ ስሙ ያለበት ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ሄንክ መጥቶ አየና «ልጅ የሳለው ነው?» አለኝ። ከጥገና ቤቱ ሰው ሁሉ ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ማሽኑን ባሳርፍበት ዙሪያው እንደ ፊደሉ ሰማያዊ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ፊደሉ የለም። ባማረ ቁጥር ስሟ ይጠፋል።

አቶ ሽመልስ ጋ ደወልኩ።

«ጎኑ ላይ ስሟ አለ» አልኩት። «ሳታየው አላጠፋውም።»

 «አዲስ እንባ ልታስፈስሳት ነው? ገና አሁን መብላት ጀመረች እኮ!» አለኝ።

«እንባው የራሷ ነው፣ ጋሼ።»

«ላምቢሶ፣ አንተ ጀልባህን ፈግፍግ። የቤተሰቡን ነገር ለቤተሰቡ ተው።»

ስልኩን ዘጋው። ሄንክም ቀጠለ፣ «ገዢው በሳምንቱ መጨረሻ ይመጣል፣ ለምን አልጀመርክም?» አለኝ። አልጀምርም አልኩት። «ጡረታ ልትወጣ ስትል ነው የሥራ ማቆም አድማ የምትመታው?» ብሎ ሳቀ፣ ቀጥሎ ግን አልሳቀም። እኔም አልተነቃነቅኩም።

ጀፕ ውስጥ የማይገኝ ስልክ ቁጥር የለም። እዚያ የምበላበት ምግብ ቤት ባለቤት በሁለት ጥያቄ አገኘችልኝ። ዶክተር ትርንጎ አነሳች።

«ዶክተር፣ ላምቢሶ እባላለሁ፣ የጀልባ ጥገና ቤት ነው የምሠራው። የጋሽ ጌታሁን ጀልባ እኛ ጋ ነው።»

«እኛ ጋ ማለት? ማን አመጣው?»

ነገርኳት።

«ይሽጡት» አለች። ድምጿ ደረቀ። «ማየት አልፈልግም። ይቅርታ፣ በሽተኛ እየጠበቀኝ ነው።»

«ዶክተር፣ እኔ ማሽን ሳሳርፍበት የሚጠፋ ነገር ጎኑ ላይ አለ። መመለስ አልችልም፣ ማንም አይመልሰውም። አይተውት ‹አጥፋው› ካሉኝ አጠፋዋለሁ። እርስዎ ሳያዩት ግን አልነካውም፣ ከሥራ ቢያባርሩኝም አልነካውም።»

ስልኩ ውስጥ የሆስፒታል ጫጫታ ብቻ ይሰማል። «ነገ ከሰዓት» አለች።

በማግስቱ መኪናዋ ሲገባ ደመናው ጠቁሯል፣ እንደ ጆበርግ በጋ ልማድ። አቶ ሽመልስም ኋላዋ ደረሰ፣ ራሷ ደውላለት ኖሯል። ሦስታችንም ከመጠለያው ሥር ሳንደርስ ዝናቡ ወረደ። ጀልባው ሜዳው ላይ ነበር፣ ሸራ እስካመጣ ድረስ በረዶ በተቀላቀለበት ዝናብ ታጠበ።

ዝናቡ እንደ አመጣጡ በድንገት ቆመ። ዶክተር ትርንጎ ኩሬውን እየዘለለች ወደ ጀልባው ሄደች። ጎኑ እንደ አዲስ ያበራል። አየች፣ ዞረች፣ ተመልሳ አየች።

«የቱ ጋ ነው?»

ምንም የለም፣ ወጥ ሰማያዊ። 

«እርጥብ ነው፣ ዶክተር። ሲደርቅ ነው የሚታየው።»

አቶ ሽመልስ ራሱን ነቀነቀ። «ትርንጎዬ፣ እንሂድ። እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ ለማይረባ ሰው ሰጥቼው።»

እሷም ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ሰዓቷን አየች። እኔ ጨርቅ አንስቼ መወልወል ጀመርኩ፣ ግን ውሃው ቆዳው ውስጥ ገብቷል፣ ጨርቅ አያወጣውም። ያን ጊዜ ያለኝን ሁሉ አወጣሁ፣ ሽማግሌነቴንም፣ የሆሳዕና አለማመኔንም።

«እባክዎ ዶክተር፣ በእናትዎ ይዤዎታለሁ፣ ፀሐዩ ወጥቷል። ጥቂት ይቁሙ።»

ከፊቴ ቁርጠኝነት የተነሳ ይሁን አላውቅም፣ ቆመች። የጥገና ቤቱ ሠራተኞችም ቆሙ። ቆርቆሮው ይንጠባጠባል። መጀመሪያ የጀልባው የላይኛው ጠርዝ መንጣት ጀመረ፣ ንጣቱ እንደ እድፍ ወደ ታች ተስፋፋ። ከንጣቱ መሃል አንድ የማይነጣ ነገር ተለየ። «ት» ሆነ። ቀጥሎ «ር» ወጣ።  ሲያልቅ ጮክ ብሎ ያነበበው አቶ ሽመልስ ነው።

«ስሙን ማን አልከው ስለው» አለች፣ ጀልባውን እያየች፣ «‹መጥተሽ እዪው› ይለኝ ነበር። እንዲያስመጣኝ ነው ብዬ…»

 አቶ ሽመልስ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እኔ ለአንቺ ብዬ ነው፣ እህቴ። ይሄ አለ ብዬ አላሰብኩም።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። አይሸጥም።»

«አይሸጥም» አለ እሱም።

ጣቷን «ት» ላይ አድርጋ እስከ «ጎ» ድረስ ሄደች። ዙሪያውን ስትነካ ጣቷ ነጣ፣ ፊደሉን ስትነካ ግን ንጹሕ ነበር። ወደ እኔ ዞረች። ሐኪም በሽተኛ እንደምትጠይቅ ነው የጠየቀችኝ።

«ጋሽ ላምቢሶ፣ ፊደሉን ሳያጠፉ ማሳመር ይችላሉ?»

«አልችልም፣ ዶክተር። በወረቀት ገልብጬ አዲስ ፊደል እቆርጥልዎታለሁ፣ ግን የእኔ መቀስ ይሆናል። የእሱ ይጠፋል።»

«ሳይነኩት ቢቀርስ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። «ፀሐይ ይበላዋል» አልኳት። «አሁን ላስቲኩ የለም። ቀስ እያለ ዙሪያውን ይመስላል፣ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ ግን ይጠፋል።»

 አቶ ሽመልስ ሊናገር አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

«እንግዲያው ፀሐይ ያጥፋው» አለች። «እርስዎ አይንኩት።»

የቀረውን አድርሼዋለሁ። አፍንጫውን፣ የኋላውን፣ ሌላውን ጎን፣ በእርሳስ እያሰመርኩ፣ በመዳፌ ሙቀቱን እየተከተልኩ፣ የማይታዘዙኝን ጣቶች እየገሠጽኩ ሠራሁት። ስሙ ያለበትን ጎን ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ከልዬ ተውኩት። ማሽኑን በመጨረሻ ሳነሳ ግማሹ መስታወት፣ ግማሹ ኖራ የሆነ ጀልባ ሜዳው ላይ ቆሞ ነበር።

ሄንክ ከቢሮው ወጥቶ ዞረው። ነጩ ጎን ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ላምቢሶ፣ አላለቀም እኮ» አለኝ።

«አልቋል» አልኩት። ማሽኑን ከሶኬቱ ነቅዬ ገመዱን ጠቀለልኩ።